የኤሊስታው ሽንት ቤት እና የሰው ስም

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሽንት ቤት ነው። አትሳቁ፣ ታሪክ ነው። ቀኖቹና ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው ኤሊስታ ይባላል፤ በሩሲያ ፌዴሬሽን ውስጥ ያለችው የካልሚኪያ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ናት። የዓለም የቼዝ ሻምፒዮንነት ከ1993 ጀምሮ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሻምፒዮን ነበረው። በ2006 ሁለቱን ዘውዶች አንድ ለማድረግ ሩሲያዊው ቭላድሚር ክራምኒክ እና ቡልጋሪያዊው ቬሴሊን ቶፓሎቭ 12 ጨዋታ ሊጫወቱ ተቀመጡ። ክራምኒክ በ2000 ለንደን ላይ ታላቁን ጋሪ ካስፓሮቭን ከዙፋኑ ያወረደ ሰው ነው። ከአራት ጨዋታ በኋላ 3 ለ 1 እየመራ ነበር።

በዚህ መሀል የቶፓሎቭ ማናጀር ሲልቪዮ ዳናይሎቭ አቤቱታ ይዞ መጣ። ክራምኒክ በአንድ ጨዋታ 50 ጊዜ ያህል ሽንት ቤት ይመላለሳል፣ ካሜራ የሌለበት ቦታ ደግሞ እሱ ብቻ ነው የሚል። ልብ በሉ፣ ሰውየው በግልጽ "ያጭበረብራል" አላለም። እንግዳ ነገር ነው፣ ምናልባትም አጠራጣሪ ነው፣ ይጣራ ነው ያለው። ይቺን አነጋገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

የክራምኒክ ወገን መልስ ቀላል ነበር። ሰውየው እያሰበ መራመድ ይወዳል፣ ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ማረፊያ ክፍሉም ጠባብ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም እንዳለበትም ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር። የይግባኝ ኮሚቴው ግን የሁለቱንም የግል ሽንት ቤት ዘግቶ አንድ የጋራ እንዲከፈት ወሰነ። ክራምኒክ "ውሉ ይህን አይልም" ብሎ አምስተኛውን ጨዋታ አልጫወትም አለ። ሴፕቴምበር 29 ቀን በፎርፌ ተሸነፈ፤ 3 ለ 2። በኋላ ተመልሶ ተጫወተ፣ 6 ለ 6 ወጡ፣ በፈጣን ጨዋታ 2.5 ለ 1.5 አሸንፎ ዘውዱን ወሰደ። በስልክም ሆነ በሽቦ፣ በማንኛውም ነገር እንደተረዳ የሚያሳይ ማስረጃ ዛሬም ድረስ አልቀረበም። የጨዋታው ታሪክ በተነሳ ቁጥር ግን ቀድሞ የሚነሳው ሽንት ቤቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዳናይሎቭ በሽንት ቤቱ ብቻ አልቆመም። የክራምኒክን እርምጃዎች ፍሪትዝ 9 ከሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር አስተያይቶ "ይህን ያህል በመቶው ይመሳሰላል" የሚል ሰንጠረዥ አወጣ። በቁጥር የተደገፈ ክስ ሲሆን ሰው ዝም ይላል። አሜሪካ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ግን ዝም አላሉም። ኬኔት ሬገን ይባላሉ፤ ራሳቸውም የኢንተርናሽናል ማስተር ማዕረግ ያላቸው ቼዝ ተጫዋች ናቸው። ዛሬ የቼዝ ማጭበርበርን በቁጥር የመመርመር ሙያ የሚባለው ነገር በአብዛኛው ከዚያ ክርክር የተወለደ ነው።

ችግሩ ምን እንደሆነ በእኛ በመምህራን ቋንቋ ላስረዳችሁ። ፈተና ስናርም ኮራጅን የምንይዘው በትክክለኛ መልስ አይደለም። ሁለት ተማሪዎች "የዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ተካሄደ" ብለው ቢጽፉ ማን ይጠረጥራል? ትክክል ነዋ። ሁለቱም "ዓድዋ የሚገኘው ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው" ብለው ከጻፉ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደነበር አውቃለሁ። (የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።) ኮራጅ የሚጋለጠው በስህተቱ ነው። የቼዝ ፕሮግራም ደግሞ ለሰው ዓይን የሚታይ ስህተት የለውም። ስለዚህ መርማሪው እጅ ላይ ያለው ትክክለኛ መልስ ብቻ ነው፤ ጎበዝ ተጫዋችም የሚመልሰው ያንኑ ነው!

ደግሞ ብዙ እርምጃ በግድ የሚደረግ ነው። ንግሥትህ ከተበላች መልሰህ ትበላለህ፤ ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግህም። እንዲህ ዓይነቱን ሁሉ ደምሮ "ይኸው ተመሳሰለ" ማለት ሁለት ተማሪ ስማቸውን በትክክል ጻፉ ብሎ መክሰስ ነው። ሬገን ያደረጉት ጥያቄውን መቀየር ነው። "ስንቱ ተመሳሰለ?" ሳይሆን "በእነዚህ ቦታዎች ላይ፣ ይህ ደረጃ ያለው ሰው ስንቱን ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል? የተገኘው ከተጠበቀው ምን ያህል ይርቃል?" በጣም ከራቀ ምርመራ ይጀመራል። ካልራቀ ዝም ነው።

"በጣም" ስንል ስንት ነው? እዚህ ጋ ነው ብዙ ብልህ ሰው የሚወድቀው። ከ10,000 ንጹሕ ሰው አንዱ ላይ ብቻ የሚታይ ውጤት አለ እንበል። ለጆሮ የመጨረሻ ማስረጃ ይመስላል። ነገር ግን 1,000,000 ንጹሕ ሰው በሚጫወትበት መድረክ ላይ ይህ ውጤት 100 ሰው ላይ ይወጣል ማለት ነው። ሁሉም ምንም ያላደረጉ። አንዱን መርጠህ "ይህ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም" ብለህ ብትጮህ ሰው ያምንሃል።

ይሁን እንጂ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ክራምኒክ ዘውዱን በወሰደ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ቦን ከተማ ላይ ዲፕ ፍሪትዝ በሚባል ፕሮግራም 4 ለ 2 ተሸነፈ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለ ስልክ የዓለም ሻምፒዮኑን ያሸንፋል። በ2019 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ላይ ኢጎርስ ራውሲስ የተባለ የ58 ዓመት ግራንድ ማስተር ሽንት ቤት ውስጥ ስልክ ይዞ ፎቶ ተነሣ። እንደገና ሽንት ቤት! ይሄኛው አመነ። የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ማዕረጉን ገፍፎ ለስድስት ዓመት አገደው። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳይ ያሳዝናል እንጂ አያከራክርም።

በ2020 ኮሮና መጣና ቼዝ በአብዛኛው ኦንላይን ገባ። አሁን ሽንት ቤት ድረስ መሄድ እንኳ አያስፈልግም፤ ሌላ መስኮት መክፈት ብቻ ነው። ቼስ ዶት ኮም እና ሊቼስ የሚባሉት ትልልቅ መድረኮች ያኔ የራሳቸው መርማሪ ነበራቸው። እርምጃውን ከፕሮግራም ጋር ያስተያያሉ፣ በየእርምጃው የፈጀውን ሰከንድ ያያሉ (ከባዱንም ቀላሉንም እኩል ሰባት ሰከንድ የሚያስብ ሰው ያስጠረጥራል)፣ ተጫዋቹ ከጨዋታው መስኮት መውጣት መግባቱን ያያሉ፣ ከቀድሞ አጨዋወቱ ጋር ያመዛዝናሉ። ሊቼስ ላይ አጭበርባሪ ሲያዝ በእሱ የተሸነፉት ሰዎች ያጡት ነጥብ ይመለስላቸዋል። ይሄ ደስ ይለኛል። ብዙ ጊዜ ሌባው ይቀጣል እንጂ የተሰረቀው ሰው ትዝ አይልም።

ቼስ ዶት ኮም ሌላ አሠራር ነበረው። የተያዘ ባለማዕረግ ተጫዋች በግል ካመነ አካውንቱ ተዘግቶ ሌላ እንዲከፍት ዕድል ይሰጠዋል፣ ስሙም በአደባባይ አይወጣም። አንዳንዱ "ሽፋን መስጠት ነው" ይላል። እኔ አይመስለኝም። የ16 ዓመት ልጅ በሠራው ጥፋት ዕድሜ ልኩን ይሰየም የሚል ሰው ክፍል ውስጥ ገብቶ አስተምሮ አያውቅም። አሠራሩ የተፈተነው ግን በ2022 ነው።

ሴፕቴምበር 4 ቀን 2022፣ ሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ። የ19 ዓመቱ ሃንስ ኒማን በጥቁር ተጫውቶ የዓለም ሻምፒዮኑን ማግነስ ካርልሰንን አሸነፈ። ካርልሰን በገጽ ለገጽ ረጅም ጨዋታ 53 ጊዜ ሳይሸነፍ የቆየ ሰው ነበር። በማግሥቱ ከውድድሩ ወጣ። ክስ አላቀረበም፤ የእግር ኳስ አሠልጣኙ ጆዜ ሞሪንሆ "ከተናገርኩ ችግር ውስጥ እገባለሁ" የሚልበትን ቪዲዮ ለጠፈ፣ አለቀ። ዓለም የቀረውን ራሱ ሞላው። ልጁ እንዴት አጭበረበረ ተብሎ የተፈጠረውን ቀልድ ተማሪዎቼም ስለሚያነቡ እዚህ አልጽፈውም። ኒማን ልብሴን አውልቄም ቢሆን ልጫወት እስከማለት ደረሰ።

የኒማን ጉዳይ የሚከብደው ንጹሕ በግ ስላልነበረ ነው። በ12 እና በ16 ዓመቱ ኦንላይን ማጭበርበሩን በራሱ አንደበት ተናገረ። ኦክቶበር 4 ቀን ቼስ ዶት ኮም 72 ገጽ ሪፖርት አወጣ፦ ከ100 በላይ የኦንላይን ጨዋታ ላይ ሳያጭበረብር አልቀረም አለ። ከተናገረው በጣም የሚበልጥ ነው። ያው ሪፖርት ግን ገጽ ለገጽ ጨዋታ ላይ፣ የካርልሰኑን ጨምሮ፣ አጭበርብሯል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ይላል። ሬገንም ያለፉትን ሁለት ዓመታት የገጽ ለገጽ ጨዋታዎቹን መርምረው የማጭበርበር ምልክት አላገኙም። ስንቱ ሰው ይህን ሁለተኛውን ክፍል አነበበ? ርዕሱ የተሰራው በመጀመሪያው ነው። በግል ያመነው ነገርም ከሁለት ዓመት በኋላ አደባባይ ወጣ።

ኒማን የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ጁን 2023 የፌዴራሉ ዳኛ ውድቅ አደረጉት። ኦገስት ላይ ተስማሙ፦ አካውንቱ ተመለሰለት፣ ካርልሰንም በሴንት ሉዊሱ ጨዋታ ኒማን እንዳጭበረበረ የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንደሌለ ተቀበለ፣ ወደፊትም አብሮት ሊጫወት ፈቀደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፊዴ ካርልሰንን ያለ በቂ ምክንያት ከውድድር በመውጣቱ 10,000 ዩሮ ቀጣው። በሴፕቴምበር 2024 ሁለቱ ፓሪስ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተጫወቱ፣ ካርልሰን 17.5 ለ 12.5 አሸነፈ።

ስም የማደስ ሥራ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። አንድ ዓመት ገደማ፣ ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት፣ በመጨረሻም በጥንቃቄ የተቀመጡ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች። ስሙን ያጎደፈው ግን የጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ ነው። የእኛ ሰዎች ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ ለኒማን ስም የተሠራ ማሽን ግን የለም። ለመያዣው ፕሮግራም አለ፣ ለመመለሻው የለም።

አሁን ወደ ክራምኒክ ልመልሳችሁ። ያ በሽንት ቤት የተጠረጠረው ሰው በ2019 ከውድድር ራሱን አገለለ፤ ኦንላይን ግን ይጫወት ነበር። ከ2023 ጀምሮ ቁጥር እያወጣ ሰው መጠርጠር ጀመረ! በኖቬምበር አሜሪካዊው ሂካሩ ናካሙራ ከ46 ጨዋታ 45.5 ነጥብ ያገኘበትን ውጤት አንስቶ "የሚገርም ነው" አለ። ቼስ ዶት ኮም መረመረ፤ ናካሙራ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ የተጫወተ ሰው ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜም ከሱ በጣም ከሚያንሱ ጋር ስለሚጫወት፣ እንዲህ ዓይነት ተከታታይ ድል መምጣቱ የሚጠበቅ ነው አለ። ከላይ ያልኳችሁ የ10,000 እና የ1,000,000 ስሌት ነው። ክራምኒክ አላቆመም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ በሚል ሕግ የሚኖር ይመስላል።

በኦክቶበር 2024 ጥርጣሬው ወደ ዳንኤል ናሮዲትስኪ ዞረ። ናሮዲትስኪን ቼዝ የምትከታተሉ ታውቁታላችሁ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተማረ ግራንድ ማስተር፣ ከሁሉም በላይ ግን መምህር ነበር። ለጀማሪ ሳይሰለች የሚያስረዳ፣ በነጻ በቪዲዮ በሺዎች ያስተማረ። በማጭበርበር አንድም የቅጣት ውሳኔ ተላልፎበት አያውቅም። ቢሆንም አንድ ዓመት ያህል መልስ ሲሰጥ ኖረ። በመጨረሻው ስርጭቱ ላይ ከዚያ ነገር ወዲህ ጥሩ ሲጫወት ሰው ክፉውን እንደሚያስብበት ተናግሯል። በዚያው ሰሞን፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2025፣ በ29 ዓመቱ አረፈ። ሞቱን ከክሱ ጋር ማያያዝ የኔ ሥራ አይደለም፤ እናንተም ኮሜንት ላይ አታያይዙብኝ። እኔ የምለው ሰውየው በሕይወት እያለ ስለነበረው ዓመት ነው። በጥሩ ውጤቱ የሚጠረጠር ሰው ምን አድርጎ ነው ንጹሕ መሆኑን የሚያሳየው? ቢያሸንፍ ማስረጃ ይሆንበታል። ቢሸነፍ "ሲታይ ጊዜ አቃተው" ይባላል።

ክራምኒክ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል ብዬ ነበር የማስበው። ኤሊስታ ላይ እሱም ሽንት ቤት ቢሄድ ያስጠረጥራል፣ ቢቀር "ነቃ" ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቶፓሎቭን አልጨበጠም፣ አልፈርድበትም። የተበደለ ሰው የበደሉን መሣሪያ ለምን አንሥቶ እንደሚይዝ ግን ታሪክ ስናስተምር ሁሌ የምንገጥመው ጥያቄ ነው፤ መልሱን መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁትም።

በኖቬምበር 2025 ፊዴ በናሮዲትስኪ እና በቼኩ ግራንድ ማስተር ዳቪድ ናቫራ ላይ ባደረጋቸው ነገሮች የተነሳ ክራምኒክን ለሥነ ምግባርና ዲሲፕሊን ኮሚሽኑ ከሰሰው። ክራምኒክ ጥፋቱን አይቀበልም። ማንንም አጭበርባሪ አላልኩም፣ ቁጥር አቀረብኩ፣ ይጣራ አልኩ ነው የሚለው።