ካርታና የአገር ልጅ

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በአምቦና በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ ሲጓዙ ሲሬ የምትባለውን ከተማ በመንገድዎ ላይ ያገኛሉ። ከሲሬ ገበያ አንድ ገበሬ ጠርተው፥ ክረምት ሲገባ የትኛው ወንዝ መሻገሪያ እንደሚያሳጣ፥ የትኛው ረግረግ የተጫነ በቅሎ እንደሚውጥ ቢጠይቁት ሳያመነታ ይነግርዎታል። ይህ ዕውቀት በወረቀት ያልሰፈረ ቢሆንም ለዘመተ ጦር ከብዙ ጥይት ይበልጣል። የዛሬው ንግግራችንም ይህ የአገር ልጅ ዕውቀት ከመሐንዲስ ካርታ ጋራ ሲገናኝ የሚገኘውን ጥቅም፥ ሳይገናኝ ሲቀርም የሚደርሰውን ጥፋት የሚመለከት ነው።

በጥንቱ ሥርዐት አብዛኛው የአገራችን ወታደር በሰላም ጊዜ አራሽ፥ በክተት ጊዜ ዘማች ነበር። ነጋሪት ሲጎሰም ስንቁን ጭኖ፥ ጋሻና ጦሩን አንሥቶ ይከታል። መንገድ መጥረጉም ሰፈር መሥራቱም የእርሱ ፈንታ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ. ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን ለማሳለፍ ወታደሩ የጅዳንና የበሸሎን ገደል እየናደ መንገድ አወጣ። ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከወታደሩ ጋራ ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። በዚያው ወራት የጄኔራል ናፒየር መሐንዲሶች ከዙላ ወደብ ተነሥተው ሐዲድ እየዘረጉና መንገድ እየጠረጉ ይመጡ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች መንገድ ሠሪዎች ነበሩ፤ ልዩነቱ እንግሊዞቹ ያለፉበትን አገር እየለኩ በወረቀት ማስቀረታቸው ነው።

ነገር ግን ወረቀት ብቻውን አያድንም። ለዚህም ከዐድዋ ጦርነት የበለጠ ምስክር የለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. ሊነጋ ሲል ጄኔራል አልበርቶኔ ጦሩን ይዞ ኪዳነ ምሕረት ወደ ተባለው ኮረብታ እንዲሄድ ታዝዞ ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ ለሹማምንቱ ያደለው ንድፍ ካርታ ግን ይህን ስም የሰጠው ለሌላ ኮረብታ ነበር። መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት መሆኑን በተናገሩ ጊዜ አልበርቶኔ ብዙ ኪሎ ሜትር አልፎ ሄደ፤ ከጓደኞቹም ተነጥሎ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ወደቀ። ልብ ይበሉ፤ መንገድ መሪዎቹ አልዋሹም። ጥፋቱ ካርታውን የነደፈው ሰው ስሙን ከአገሩ ሰው አፍ በትክክል አለመቀበሉ ነው። ድሉን ያስገኘው የአባቶቻችን ጀግንነት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የአንድ ኮረብታ ስም መሳሳት ለጠላት ምን ያህል እንደ ከበደው ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ትምህርት አስቀድመው የተረዱ አገሮች አሉ። በስዊስ አገር ወታደሩ የዘወትር ቅጥረኛ ሳይሆን ገበሬው፥ አናጢውና ሰዓት ሠሪው ነው፤ በየጊዜው ተጠርቶ ይለማመድና ወደ ሥራው ይመለሳል። መሐንዲሱ ጄኔራል ዱፉር የመራው የዚያች አገር ታላቅ ካርታ ከ1845 እስከ 1865 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ታትሞ ወጥቷል። በእኛም አገር በቀድሞው የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ከመደበኛው ሠራዊት ሌላ ብሔራዊ ጦር የሚባል ተጠባባቂ ኃይል ነበር። የካርታ ሥራና የጂኦግራፊ ኢንስቲትዩትም የተቋቋመው በ1940ዎቹ ነው።

ተጠባባቂ ሆኖ በመሐንዲስ ክፍል የሚያገለግል ሰው ሁለት ዕውቀት ያስፈልገዋል። አንደኛው ልክ ነው፤ 1 ለ 50,000 በሆነ ካርታ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር በምድር ላይ 500 ሜትር መሆኑን፥ የከፍታ መስመሮች ሲቀራረቡ ገደል፥ ሲራራቁ ሜዳ መሆኑን ማወቅ አለበት። ሁለተኛው የአገሩን ሰው በትሕትና መጠየቅ ነው፤ ወንዙን በኦሮምኛ ስሙ የሚጠራውን ሽማግሌ ሳይሰማ ስም የጻፈ መሐንዲስ የባራቲየሪን ስሕተት ይደግማል።

የወለጋ ምድርም ለዚህ ምስክር ናት። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ. ም. በነቀምቴ አጠገብ በቦነያ ሜዳ የወረዱት ጄኔራል ማሊዮኮና አብዛኞቹ ጓደኞቹ በዚያው ሌሊት በጥቁር አንበሳ አርበኞች ተከበው አለቁ፤ አውሮፕላኖቻቸውም ተቃጠሉ። ከሰማይ የመጣው ወራሪ ምድሩን ከሚያውቁት ጋራ በጨለማ ተገናኘ።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፤ ነገ ካርታ ሠሪ ወደ መንደርዎ መጥቶ የኮረብታውን ስም ቢጠይቅዎ ጥያቄውን እንደ ተራ ነገር አይመልከቱት። በትክክል የነገሩት አንድ ስም ምናልባት አንድ ቀን የልጅዎን ሕይወት ያድን ይሆናል።