ካለሪ ፒር

ካለሪ ፒር ከጽጌረዳ ቤተሰብ የሚመደብ፣ የትውልድ አገሩ ቻይናና ቬትናም የሆነ ዛፍ ነው። በአሜሪካ ለመንገድ ዳር ጌጥነት ሲተከል ቆይቶ፣ ዛሬ ባለቤት ያጣ ሜዳንና የጫካ ዳርን በመውረር ይታወቃል። ስሙ የተወሰደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ናሙናውን ከቻይና ወደ አውሮፓ ከላከው ሚሲዮናዊ ጆሴፍ ካለሪ ነው።

አሜሪካኖች ዛፉን የፈለጉት ለአበባው አልነበረም። የፒር እርሻዎችን የሚያወድም፣ ቅርንጫፍን እሳት እንደለበለበው አድርጎ የሚያጠቁር የባክቴሪያ በሽታ ነበረባቸውና ፒርን የሚያጣብቁበት፣ ይህን የሚቋቋም ሥር ይሹ ነበር። የእርሻ ሚኒስቴር ዕፅዋት ሰብሳቢው ፍራንክ ሜየር በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቻይና ብዙ ዘር ላከ። በሜሪላንድ፣ ግሌን ዴል በሚገኘው የሙከራ ጣቢያ ከቻይና ዘር የበቀለና እሾህ የሌለው አንድ ዛፍ ደግሞ ቆይቶ ዓይን ገባ። በጣቢያው የቀድሞ ኃላፊ ስም “ብራድፎርድ” ተብሎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ቀረበ።

ቶሎ ያድጋል፤ ደካማ አፈርና የከተማ ጭስ አይበግረውም፤ በጸደይ ነጭ አበባ ይለብሳል። በ1966 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ሌዲ በርድ ጆንሰን ሳይቀሩ በዋሽንግተን አንዱን ተክለዋል። አበባው የሰነበተ ዓሣ መሽተቱን ሰው ችሎ ኖረ።

ብራድፎርድ መካን ነው ይባል ነበር፤ ይህም ከእውነት የራቀ አልነበረም። ካለሪ ፒር በራሱ ብናኝ አይራባም፤ ብራድፎርዶች ሁሉ ደግሞ ከአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተወሰዱ በሌላ ሥር ላይ የተጣበቁ ስለሆኑ በዘር አንድ ናቸው። ጣጣው የመጣው “ሲሻሻል” ነው። የብራድፎርድ ቅርንጫፎች ከግንዱ ተጠጋግተው ስለሚወጡ፣ 20 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነፋስ ወይም በረዶ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ችግኝ አፍዪዎች ይህን ለማረም እንደ “አሪስቶክራት” እና “ቻንቲክለር” ያሉ ሌሎች ዝርያዎችን አመጡ። ንቦች ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው አደረሱ፤ መካኑ ዛፍ አፈራ። ብራድፎርዱ ከተጣበቀበት ሥር የሚያቆጠቁጠው ቡቃያም በዘር የተለየ ስለሆነ፣ ሲያብብ ውጤቱ ያው ነው።

ፍሬው ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ውርጭ ሲያለሰልሰው ወፎች ይለቅሙታል፤ ከዋነኞቹ አንዱ ስታርሊንግ ሲሆን፣ እሱም ከአውሮፓ የመጣ መጤ ነው። ወፍ ዘራሹ ልጅ የአያቶቹን እሾህ መልሶ ያበቅላል፤ እሾሁ የትራክተር ጎማ ይበሳል። ቅጠሉን ቀድሞ አውጥቶ ዘግይቶ ስለሚያራግፍ ሥሩ ያሉት አገር በቀል ዕፅዋት ብርሃን ያጣሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በመጋቢት ከአውራ ጎዳና ዳር የሚያዩት ነጭ ቁጥቋጦ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ኦሃዮ በ2023፣ ሳውዝ ካሮላይናና ፔንሲልቬኒያ በ2024 ሽያጩን አግደዋል። እገዳው የቆመውን ዛፍ ንቀሉ አይልም። ማስወገድ የፈለገ ሰው ደግሞ ጉቶውን ወዲያው ፀረ አረም መቀባት አለበት፤ በመጥረቢያ ብቻ የተቆረጠ ካለሪ ፒር ከጉቶው በርከት ብሎ ያቆጠቁጣል።