«ማንበብ ብቻ» ነው እንዴ?

ጋዜጠኝነት ተመርቀን የሰው ጽሑፍ እያረምን እንጀራ ልንበላ ስንነሳ፣ «ለማንበብ ብቻ ይከፈላል እንዴ?» ተባልን። መልሱን ከታሪክ ፈለግን።

አለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። እሳቸውም ለዓመታት ሲያርሙትና ሲያሰፉት ኖረው፣ ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው የደረሳቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የወጣው ከዚያ 14 ዓመት በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው።

ሙያው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሰው ሥራ፣ ስም ኋላ ይመጣል። ስለዚህ እኛም ዋጋ ከመጥራታችን በፊት አንድ ገጽ አርመን እናሳያለን። ከዚያ ግን ዋጋችንን እንጠራለን፤ አናፍርም። አሁንም «ማንበብ ብቻ» የሚል ካለ፣ ያንን መጽሐፍ ይግለጥ።