ካሣና ምሕረት፦ በቢቸናና በሞጣ የበደልና የዕርቅ ቃላት ታሪክ

በድሎ የተጸጸተ ሰው በአማርኛ የሚናገረው ቃል አንድ ብቻ አይደለም። ቃሉ የሚመረጠው በደለኛው ፊቱን ወደ ማን እንዳዞረ ታይቶ ነው። ወደ ነፍስ አባቱ ሲሄድ ንስሓ ይገባል፤ ወደ ተበዳዩ ሲሄድ ይክሳል፣ ይታረቃል፤ ወደ ገዢው ሲሄድ ግን ምሕረት ይለምናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የእነዚህን ሦስት መንገዶች ቃላት፣ እንዲሁም በ1960 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ ሲበርድ የትኛው ቃል በየትኛው ስፍራ እንደ ገባ ነው። የሐሳባችንም ፍሬ ይህ ነው፦ በዚያን ጊዜ የካሣ መልክ ያለው ነገር በምሕረት ስም ተሰጠ፤ በምሕረት ስም ውስጥ ደግሞ ለፈሰሰ ደም ስፍራ አልነበረም።

ቢቸናና ሞጣ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ሁለት የጎጃም አውራጃዎች ነበሩ፤ ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ ይገኛሉ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም ያሉበት አገር በመሆኑ የግእዝ ትምህርት በገበሬው ንግግር ውስጥ ጠልቆ ገብቶበታል። ንስሓ የሚለው ቃልም ከግእዙ ነስሐ የወጣ ነው። ተነሳሒው ለነፍስ አባቱ ይናዘዛል፤ ቄሱም ጾምን፣ ስግደትንና ምጽዋትን ቀኖና አድርጎ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ ንስሓ የተበዳዩን ድርሻ አይተካም። መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ ተቀይሞት እንደ ሆነ አስቀድሞ ሄዶ እንዲታረቅ ወንጌል ስለሚያዝ፣ የነፍስ አባቱ ራሱ በደለኛውን ወደ ሁለተኛው መንገድ ይመራዋል።

የሁለተኛው መንገድ ዋና ቃል ካሣ ነው። ቃሉ ከግእዙ ካሕሣ የወረደ ሲሆን የጐደለውን መሙላት፣ በጠፋው ፈንታ ሌላ መስጠት ማለት ነው። የሞተ ልጅን ተከትሎ የተወለደ ሕፃን ብዙ ጊዜ ካሣ ተብሎ የሚሰየመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ሳይነግሡ በፊት ሁለቱም በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። የቤተ ክርስቲያን መምህራን የክርስቶስን ሞት ለአዳም በደል የተከፈለ ካሣ ብለው ያስተምራሉ። ስለዚህ ካሣ በከብት ወይም በብር ቢቈጠርም የገበያ ዋጋ ማለት አይደለም።

ካሣ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በደም ነገር ነው። የገዳይና የሟች ወገኖች እርስ በርሳቸው ደመኛ ይባላሉ፤ ተበቃዩ ደም መላሽ ነው፤ ጠቡን በዕርቅ መፈጸም ደግሞ ደም ማድረቅ ይባላል። ዕርቅ ደም ያድርቅ የሚለው አነጋገር፣ ያልተካሠ ደም በሕዝቡ አስተያየት ዘመን ቢያልፍበትም እርጥብ ሆኖ እንደሚኖር ያስረዳል።

ሥርዐቱም በብዙ የአማራ አገር እንደሚታወቀው ነው። ገዳዩ ከአካባቢው ይሸሻል፤ ስለ እርሱ የሚሄዱት ሽማግሎችና መስቀል የያዙ ካህናት ናቸው። የሟች ወገን በመጀመሪያው ልመና እሺ ማለት ስለማይገባው ልመናው ይደጋገማል። ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ገዳዩ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ጐንበስ ብሎ ይቀርባል። ካሣው ይቈረጣል፤ ዋስ ይጠራል፤ መሐላ ይፈጸማል፤ ሁለቱ ወገኖችም አብረው ይበላሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ በደለኛው የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ ጸጸቱን የሚናገርለት የተሸከመው ድንጋይ ነው። ካሣውም የሟቹ ዋጋ ነው ከተባለ ዘመዱ ደም ሸጠ ተብሎ ይነወራል።

ይቅርታ የሚለው ቃል አሠራርም ልብ ሊባል ይገባዋል። ቀረ ከሚለው ግሥ፣ ይቅር ከሚለው የትእዛዝ አንቀጽ የወጣ ስም ነው፤ ይቅር ማለት ይተው፣ አይቈጠር ማለት ነው። እንግዲህ የቃሉ ባለቤት ተበዳዩ ነው፤ በደለኛው ይቅርታ ሲጠይቅ የሚለምነው ከሌላው አፍ እንዲወጣለት የሚፈልገውን ቃል ነው። ተበዳዩም ይቅር ለእግዚአብሔር ብሎ ሲመልስ በደል አልነበረም ማለቱ አይደለም፤ ሒሳቡን ለእግዚአብሔር ማስተላለፉ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ተረትም ከዚህ ጋር ይስማማል።

አዲሶቹ ሕጎች ይህን አንድ ሥርዐት ለሁለት ከፈሉት። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቅጣትን የመንግሥት ሥራ አድርጎ አጸና፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ካሣን ለብቻው ደነገገ። የአገር ልማድ እንዲታይ ቢፈቅድም፣ በቊጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰነ። ድንጋዩና ልመናው ግን ከሁለቱም ሕግ ውጭ ቀሩ።

ሦስተኛው መንገድ ወደ ገዢ የሚወስደው ነው። በዚህ መንገድ ድንጋዩ አለ፤ ካሣው ግን የለም። በ1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻ ዮሐንስ ከራስ አሉላና ከሌሎች መኳንንት ጋር አዲስ አበባ መጥተው በዐፄ ምኒልክ ፊት ድንጋይ ተሸክመው ቀረቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ማሯቸው። ምሕረት እንዲህ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ የሚምረው ሁልጊዜ የበላይ፣ የሚማረው ሁልጊዜ በደለኛ ነው። ገዢው ራሱ የበደለ ጊዜ ለተገዢው የሚለው ቃል በዚህ መንገድ ላይ አይገኝም።

ይህን ይዘን ወደ 1960 ዓ.ም. እንምጣ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ግብሩ በምርት ላይ የሚቈረጥ ስለ ነበር ገማቾች ወደየመንደሩ መግባት ነበረባቸው። ርስተኛው ገበሬ ግን ግምቱና ልኬቱ ርስቱን የሚያሳጣው መስሎ ስለ ታየው አላስገባም አለ። ጎጃም ከ1934 እስከ 1936 እና በ1942 ዓ.ም. በግብር ምክንያት ተነሥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሞጣና ቢቸና ከዐመፁ ዋና ዋና ስፍራዎች ሆኑ። የማግባባቱ ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላኖችም መንደሮችን ደበደቡ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ከስፍራቸው ተነሡ፤ በ1961 ዓ.ም. ከ1942 እስከ 1960 የተከማቸው የግብር ውዝፍ ተሰረዘ።

የገዢው መነሣትና የውዝፉ መሰረዝ ከገበሬው በኩል ሲታይ የካሣ መልክ አለው። ከመንግሥት በኩል ሲታይ ግን ምሕረት ነው፤ ዕዳ የሚሰረዝለት ባለ ዕዳ ነውና። የለብኝም ብሎ የተነሣበትን ዕዳ ገበሬው ተማርህ ተባለ። ሰላም ወረደ፤ ነገር ግን ውዝፍ የሚሰረዘው በሕይወት ላለ ግብር ከፋይ ነው፤ ለሞተ ሰው ውዝፍ መሰረዝ ደሙን አያደርቅም። ደም የፈሰሰው በሁለቱም ወገን ነበር የሚል ቢኖር እውነት ነው፤ በአገሩ ልማድ ግን ይህ ለሁለት ወገን ዕርቅ ተጨማሪ ምክንያት ነው እንጂ ዕርቁን የሚያስቀር አይደለም። ምሕረትን እምቢ ማለት ዐመፅን መቀጠል ነው፤ ካሣን እምቢ ማለት ግን የተበዳይ መብት ነው። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል።

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ ዕርቅን፣ ምሕረትንና ካሣን በአንድ ሰነድ ውስጥ አኑሯል። ተመራማሪው እነዚህን ቃላት በአዋጅም ሆነ በመዝገብ ሲያገኛቸው ትርጉማቸውን ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ ሊበቃው አይገባም፤ ቃሉን ማን ለማን እንደ ተናገረው፣ ተቀባዩም እምቢ ለማለት ይችል እንደ ነበረ መጠየቅ አለበት።