የመንዝ በርኖስ እና የሮም ባርኔጣ

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ጋቢ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ የመንዝ ሰው በጉን ይሸልታል፤ ሴቶቹ ሱፉን ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ ከዚያ ይወጣል። ከሁሉም ጥቁሩ በርኖስ የመንዜ መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። ሽማግሌ ለሽምግልና ሲቀመጥ፣ ለቅሶ ሲደርስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ይደርበዋል።

ታዲያ «በርኖስ» የማን ቃል ነው?

ቃሉ ወደ እኛ የደረሰው ከዐረብኛ ነው። በጥንቱ ዐረብኛ «ቡርኑስ» መጀመሪያ ረጅም ቆብ ማለት ነበር። በእስልምና የመጀመሪያ ዘመን ለጸሎት የተለዩ ሰዎች ያደርጉት እንደነበር የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ይናገራሉ። ኋላ ላይ ከራሱ ጋር ቆብ የተያያዘበት ካባ ሁሉ በዚህ ስም ተጠራ። ብዙ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ወደ ግሪክኛው «ቢሮስ»፣ ከዚያም ወደ ላቲኑ «ቢሩስ» ይወስዱታል። ቢሩስ በሮማውያን ዘመን ባለ ቆብ የሱፍ ካባ ነበር። ክርስቲያኖችን በማሳደዱ የምናውቀው ዲዮቅልጥያኖስ በ301 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዋጋ ተመን ውስጥ ከብሪታንያ የሚመጣው ቢሩስ ተጠቅሷል። ብሪታንያም እንደ መንዝ ብርድና በግ ያላት አገር ናት።

ዐረቦች ስፔንን ሲገዙ ቃሉን እዚያም ተዉት። ስፔናውያን እስከ ዛሬ «አልቦርኖዝ» ይላሉ፤ ትርጉሙ ግን ከገላ መታጠብ በኋላ የሚለበስ ካባ ሆኗል። አንዱ ቃል መንዝ ላይ ውርጭ ይከላከላል፤ ማድሪድ ላይ ውኃ ያደርቃል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከቢሩስ «ቢሬቱም» የሚል የትንሽ ቆብ ስም ወጣ። የስፔን ምሩቃን የሚደፉት «ቢሬቴ»፣ በእንግሊዝኛ የካቶሊክ ቄሶች ቆብ የሚጠራበት «ቢሬታ»፣ ወታደሮች የሚያዘነብሉት «ቤሬ» የዚህ ልጆች ናቸው። የጣሊያኑ «ቤሬታ» ወደ ዐረብኛ ሲገባ «ቡርኔጣ» ተባለ፤ እኛ ዘንድ ደርሶ «ባርኔጣ» ሆነ። እንግዲህ የአጥኚዎቹ ቆጠራ ልክ ከሆነ፣ «የአባቶች ልብስ» የሚባለው በርኖስና «የፈረንጅ» የሚባለው ባርኔጣ የአንድ አያት ልጆች ናቸው።

«ኮፍያ»ም መንገደኛ ነው። ከዐረብኛው «ኩፊያ» የመጣ ነው። ይህን አንዳንዶች ከኩፋ ከተማ ስም ጋር ሲያገናኙት፣ ሌሎች ከላቲኑ «ኮፊያ» ያመጡታል። የስፔኑ «ኮፊያ» እና የእንግሊዝኛው «ኮይፍ» ከዚሁ ከላቲኑ ይወጣሉ። የእኛ የነባርነት ማዕረግ ያለው «ቆብ» ነው፤ ግዕዙ «ቆብዕ» ይለዋል። እሱም ቢሆን በዕብራይስጥ ዘመድ አለው።

ሰው ራሱን የሚሸፍንበትን ነገር ሲሰይም የሚያስበው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ስፔናውያን «ሶምብሬሮ» ያሉት «ሶምብራ» ከሚለው፣ ጥላ ማለት ከሆነው ቃላቸው ነው። እኛ ደግሞ በዝናብም በፀሐይም የምንዘረጋውን ጥላ ብለን ጠራነው። ማንም ከማንም አልቀዳም፤ ፀሐይዋ አንድ ናት።

አነጋገር ላይ ሲደረስ ግን የየአገሩ ታሪክ ይለያያል። በአማርኛ «ቆብ ደፋ» ማለት መነኮሰ፣ «ቆቡን ጣለ» ማለት ምንኩስናውን ተወ ነው፤ ቆብ የቃል ኪዳን ምልክት ነውና። በስፔንኛ «ጎራ» ቆብ ነው፤ «በጎራ መሄድ» ግን ሳይከፍሉ በሰው ድግስ መብላት ነው። እንግሊዞች ምስጢር ጠብቅ ሲሉ «ከባርኔጣህ ሥር አኑረው» ይላሉ። ዛሬ በየጽሑፉ የሚነበበው «ባርኔጣዬን አነሳለሁ» ከእነዚህ አገሮች የመጣ ነው። በእኛ ዘንድ አክብሮት የሚገለጸው በማደግደግና እጅ በመንሳት ነበር። ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያሸነፈጠ ሰው ባርኔጣ ሳያስፈልገው አክብሮቱን ተናግሯል። «አደግድጌ» የሚለው ቃል እያለ ባርኔጣ የሌለው ሰው ባርኔጣ ሲያነሳ መስማት ትንሽ ያስቃል።

ይህ ግን ቃላትን «ነባር» እና «መጤ» እያሉ ለመክሰስ ምክንያት አይሆንም። የሸዋ ነገሥታት ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ ነው። የዚያ ዘር የሆኑት ዳግማዊ ምኒልክ በፎቶግራፎቻቸው በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው ይታያሉ። ሻሹም በስሙ ዐረብኛ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ሳሽ» ከእሱ ወጥቷል። የባርኔጣው ቅርጽ አውሮፓዊ መሆኑ ዓድዋ ላይ የአውሮፓን ጦር ድል ከማድረግ አላገዳቸውም።

በቃልም በሰውም ላይ «ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ በበዛበት በዚህ ጊዜ የበርኖስ ታሪክ ሊታሰብ ይገባዋል። ቃሉ ሮምንና ዐረብን አቋርጦ መጣ። መንዜ ያደረገው የመንዝ በግ ሱፍ፣ የመንዝ ሴት እንዝርትና የመንዝ ሸማኔ እጅ ነው። ባለቤትነት የሚገኘው በሥራ ነው።

አሳሳቢው ጉዳይም እዚሁ ላይ ነው። በየገበያው የልባሽ ጃኬትና የፋብሪካ ብርድ ልብስ ከሱፍ ሥራው ጋር ይሻማል። ፈታይዋና ሸማኔው ድካማቸውን የሚመልስ ዋጋ ካላገኙ ልጆቻቸው ሙያውን አይወርሱም። ያን ጊዜ «በርኖስ» እንደ ስፔኑ አልቦርኖዝ ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ ወይም የመዝገበ ቃላት ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለመንዝ ሸማኔ አክብሮት አለኝ የሚል ሰው ባርኔጣውን ከሚያነሳለት ይልቅ በርኖሱን ቢገዛው ይሻላል።