ሄፓታይተስ ሲ እና የታይሮይድ ዕጢ

ሄፓታይተስ ሲ በዋናነት ጉበትን የሚጎዳ ቫይረስ ነው፤ ሥር ሲሰድ ግን ጉዳቱ በጉበት ብቻ አይወሰንም። አንገት ላይ ያለው፣ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው የታይሮይድ ዕጢም ሊታመም ይችላል። ቫይረሱ ለዓመታት በሰውነት ስለሚቆይ የመከላከያ ኃይሉ ዕረፍት አያገኝም፤ በአንዳንድ ሕሙማን የራሱን ዕጢ የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላት ያመነጫል። በቤተ ሙከራም የቫይረሱ የሽፋን ፕሮቲን «ሲዲ81» በተባለው ተቀባይ በኩል ከታይሮይድ ሴሎች ጋር ተጣብቆ ብግነት እንደሚቀሰቅስ ታይቷል።

ለረጅም ጊዜ ነገሩን ያባባሰው መድኃኒቱ ራሱ ነበር። ኢንተርፌሮን አልፋ መከላከያውን አነሣሥቶ ቫይረሱን ሲያጠፋ፣ ጥቂት የማይባሉ ታካሚዎችን፣ በተለይ ሴቶችንና ፀረ እንግዳ አካሉ አስቀድሞ የነበራቸውን፣ ሃሺሞቶ ወይም ግሬቭስ ለተባሉት የታይሮይድ በሽታዎች ዳርጓል። ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት እንደ ሶፎስቡቪር ያሉ እንክብሎች ይህን መዘዝ በእጅጉ አስቀርተዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ተወስደው አብዛኛውን ሕመምተኛ ያድናሉ።

የሚያሳዝነው የታይሮይድ ሕመም የሚያመጣው ድካምና የክብደት መለዋወጥ «የጉበቱ ነው» ተብሎ መታለፉ ነው። ቲኤስኤች የተባለውን ሆርሞን የሚለካ ተራ የደም ምርመራ የዕጢውን ችግር ሊያሳይ ይችላል።