የአላህ ነቢይ የመሐመድ ሕይወት
ሥዕል፦ ኤትየን ዲኔ (1861–1929 እ.ኤ.አ.)
ጽሑፍ፦ ዲኔ እና ስሊማን ቤን ኢብራሂም
የገጽ ጌጥ፦ መሐመድ ራሲም
ፓሪስ፣ 1918 እ.ኤ.አ.

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጡት የነቢዩን ምስል አያገኙም። ዲኔ የሣለው በዘመኑ በአልጄሪያ በዓይኑ ያያቸውን ምእመናን ነው፦ ነጭ ካባ ለብሰው ለሶላት የቆሙ፣ ሱጁድ ወርደው ግንባራቸውን መሬት ያስነኩ ሰዎችን። ገጾቹን በሐረግና በወርቅ ቀለም ያስጌጠው ገና የሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው የአልጀርሱ ወጣት ራሲም ነው።

ፓሪስ ተወልዶ በአካዳሚ ዡልያን የተማረው ዲኔ አልጄሪያን መጀመሪያ የረገጠው በ1884 ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ ሠዓሊዎች ምሥራቁን ጎብኝተው ሲመለሱ፣ እሱ ዐረብኛ ተማረ፤ በበረሃ ዳር ባለችው በቡ ሰዓዳ ከተማም ቤት ገዝቶ ኖረ። የከተማዋ ልጅ ስሊማን የዕድሜ ልክ ወዳጁና የጽሑፍ አጋሩ ነበር። እርግጥ ነው፣ ራቁታቸውን የሚታጠቡ ልጃገረዶችን ያሳየባቸው ሸራዎቹ ከፓሪስ ገበያ ጣዕም የራቁ አይደሉም። የሚጸልዩ ሰዎችን ሲሥል ግን በዘመኑ የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

በ1913 መስለሙን በይፋ አስታውቆ ናስረዲን ተባለ። ይህንን መጽሐፍ ያበረከተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ሲዋጉ ለወደቁ ሙስሊም ወታደሮች መታሰቢያ ነው። በ1929 ከስሊማን ጋር ሐጅ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ፓሪስ ውስጥ አረፈ። አስከሬኑ በኑዛዜው መሠረት ቡ ሰዓዳ ተቀበረ።